ፋይበር ላይ ገንዘብ ለማዋል፦ መስታወቱ፣ ሌዘሩ፣ ገጣጣሚው ወይስ የመስመሩ ባለቤት?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጓደኛዬ ከጃኬቱ ኪስ አንድ ነገር አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረ። ከአውራ ጣት ትንሽ የምትረዝም፣ ብረት የለበሰች ዕቃ ናት። አሮጌ ባለ 10 ጊጋ ትራንሲቨር፣ የፋይበር ጫፍ ላይ የሚሰካ ዕቃ። ከኢቤይ ላይ በጥቂት ዶላር ነው የገዛት። ጓደኛዬ አሽበርን፣ ቨርጂኒያ፣ ዳታ ሴንተር ውስጥ ቴክኒሻን ነው። ሥራ ላይ የሚነካው አዲሱን ነው፤ ለመፍታት ግን አሮጌው ይበቃል። ቡናው እስኪፈላ በካቻቢቴ ከፈታት። ውስጧ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ጫፏ ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ቆቦች አሉ። አንዱን ቆብ በፒንሳ ገነጠለና በስልኩ ካሜራ አጉልቶ አሳየኝ። ሌዘሯ ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች።

“የዚች ታናሽ እህት ናት ዛሬ ዓለም የሚሻማባት” አለኝ። ቀጥሎ የመጣበትን ጉዳይ አወጣ። “ትንሽ ብር አለችኝ። ፋይበር ላይ ላስገባት ነው። የቱን ልግዛ?”

ይህ ጽሑፍ ለእሱ የሰጠሁት መልስ ነው፤ ትንሽ ተስተካክሎ። እኔ ፈቃድ ያለኝ የገንዘብ አማካሪ አይደለሁም። ኢንዱስትሪውን ለዓመታት በቅርብ የምከታተል ሰው ነኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ለምን እንደጋለ ሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በሩት 28 ወደ አሽበርን ስትነዱ መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሕንፃዎች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። የላውደን ካውንቲን ያህል ዳታ ሴንተር የታጨቀበት ቦታ በዓለም ላይ የለም። ድሮ እነዚህ ሕንፃዎች ኢሜይልና ቪዲዮ ነበር የሚያከማቹት። አሁን ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠሩት ከዚያ ይለያሉ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቺፖች እንደ አንድ ማሽን አብረው መሥራት አለባቸው። አብሮ ለመሥራት ደግሞ ያለማቋረጥ መነጋገር ያስፈልጋል። ንግግሩ በፋይበር፣ ብርሃን በሚያልፍበት የመስታወት ክር፣ ነው። በፋይበሩ ጫፍና ጫፍ ደግሞ ጓደኛዬ የፈታት ዓይነት ዕቃ ተሰክቶ ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል።

ስለዚህ ፋይበር ያድጋል። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ችግሩ ይህ አባባል በ2000ም እውነት ነበር።

ትንቢቱ ሰመረ፣ ገንዘቡ ጠፋ

ኮርኒንግ የኒውዮርክ ግዛት የመስታወት ኩባንያ ነው፤ የተመሠረተው በ1851። ለረጅም ርቀት የሚሆነውን የመጀመሪያውን ፋይበር በ1970 የሠሩት የእሱ ሦስት ሳይንቲስቶች ናቸው፦ ሮበርት ማውረር፣ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልትዝ። በመስከረም 2000 የኮርኒንግ አንድ አክሲዮን ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በጥቅምት 2002 ወደ 1 ዶላር ገደማ ወረደ። ተሳስቼ አይደለም፣ አንድ ዶላር ነው።

ጄዲኤስ ዩኒፌዝ የሚባል የሌዘርና የኦፕቲክስ፣ ማለትም ብርሃን የሚልኩና የሚቀበሉ ዕቃዎች፣ አምራች ነበር። በ2000 አንድ ተቀናቃኙን በ41 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። በቀጣዩ የሒሳብ ዓመት ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ መዘገበ። የካናዳው ኖርቴል ትንሽ ተንገዳግዶ በጥር 2009 ከሰርኩ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ። ፋይበሩን ያስቆፈሩት ግሎባል ክሮሲንግና ወርልድኮም በ2002 ተከታትለው ወደቁ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ኢንተርኔት አንድም ቀን ማደጉን አላቆመም። ትንቢተኞቹ ከጠበቁት በላይ አድጓል። ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ?

አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው። ሁሉም አንድ ጊዜ ቆፈረ። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው የማያነሳው ነው፤ ለዛሬም የሚያስፈልገን እሱ ነው። በአንድ የፋይበር ክር ውስጥ የተለያየ ቀለም ያላቸውን ብዙ ብርሃኖች አንድ ላይ መላክ ይቻላል። እያንዳንዱ ቀለም ራሱን የቻለ መስመር ይሆናል። መሐንዲሶቹ አንድ ክር አስርና ከዚያም በላይ መስመር እንዲሸከም ሲያደርጉት፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮ የነበረው ፋይበር ያለ ምንም ቁፋሮ እጥፍ ድርብ ሆነ። ቀለሞቹን የሚልከውና የሚቀበለው ሳጥን አምራች እየጎበዘ በሄደ ቁጥር የመስታወቱ አምራች ገበያ አጣ። ማለት ነው፣ አንድ ቤት ውስጥ ያሉት ወንድማማቾች አንዱ የሌላውን እንጀራ በላ።

እና ለጓደኛዬ በመጀመሪያ ያልኩት ይህን ነው። “ፋይበር ያድጋል ወይ?” ብለህ አትጠይቅ። “ከሰንሰለቱ ውስጥ የትኛው ቁራሽ ነው ያጠረው? ሌላ ሰው እስኪሠራው ስንት ጊዜ ይፈጃል?” ብለህ ጠይቅ። በዚህ ዓይን አንድ በአንድ እንያቸው።

መስታወቱ

ፋይበር ሲሠራ ዘንግ የሚያህል ንጹህ መስታወት ይዘጋጃል። መሃሉ ላይ ትንሽ ጀርማኒየም ይገባበታል። ከዚያ ከፍ ያለ ማማ ላይ ተሰቅሎ በእሳት ይለሰልስና እንደ ማር ወደ ታች ይሳባል። የሚወጣው ክር 125 ማይክሮን ነው፤ የፀጉር ያህል። አስቸጋሪው መሳቡ አይደለም፣ ዘንጉን መሥራቱ ነው። የዘንግ ፋብሪካ በአንድ ጀምበር አይቆምም።

ዋናዎቹ ተጫዋቾች ኮርኒንግ፣ የጣሊያኑ ፕሪዝሚያንና የቻይናው ዋይኦኤፍሲ ናቸው። ዋይኦኤፍሲ ውሃን ከተማ ነው ያለው፤ አክሲዮኑ የሚሸጠው ሻንጋይና ሆንግ ኮንግ ላይ ነው። እኔና እናንተ በቀላሉ የምናገኛቸው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው።

የባዶ ፋይበር ዋጋ ግን ጨካኝ ነው። ቻይና ሞባይል በ2019 ባወጣው ትልቅ ጨረታ ዋጋው ወደ ግማሽ ወረደ። በመጋቢት 2021 የአንድ ኪሎሜትር ፋይበር ዋጋ 3.70 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። እዚህ ዲሲ አካባቢ አንድ ማኪያቶ በዚህ ዋጋ አታገኙም። የሰው ልጅ ከሠራቸው ንጹህ ነገሮች አንዱ የሆነው መስታወት፣ አንድ ሺህ ሜትር ርዝመት ኖሮት፣ ከማኪያቶ ረከሰ! በሚቀጥለው ዓመት ክሩን ለማቀዝቀዝ የሚያገለግለው ሂሊየም ጠፋ፣ ፈላጊውም በረከተ፣ ዋጋው ወደ 6.30 ዶላር ወጣ። እንግዲህ ባዶ ክር ብቻ የሚሸጥ ሰው ሕይወቱ ይህ ነው። አንድ ዓመት ጮማ፣ ሦስት ዓመት ጾም።

ኮርኒንግን ከዚህ የሚያወጣው ክሩን ብቻ አለመሸጡ ነው። ለዳታ ሴንተር የሚሸጠው ጫፉ ላይ መሰኪያው ተገጥሞ፣ በልክ ተቆርጦ፣ ለመሰካት ብቻ የቀረ ኬብል ነው። ጓደኛዬ እንደሚለው ፋብሪካ ውስጥ የተገጠመ ጫፍ ብዙ ሰዓት ያተርፍላቸዋል። ቦታው ላይ ክር ለመቀጠል በአልኮል ማጽዳት፣ በልዩ መቁረጫ መቁረጥ፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ማቅለጥና ማጣበቅ ያስፈልጋል። ያን ለአስር ሺህ ክር ማድረግ ማለት ለአስር ሺህ ሰው ፀጉር እንደ መሸረብ ነው። ዳታ ሴንተሮቹ ያን ጊዜ ላለማባከን ይከፍላሉ።

ሌላ ያስገረመኝ ነገር አለ። በነሐሴ 2024 ሉመን የተባለው የመስመር ኩባንያ የኮርኒንግን የዓለም ፋይበር የማምረት አቅም 10 በመቶ ለሁለት ዓመት አስቀድሞ ያዘ። ደንበኛ ዕቃው ሳይመረት ወረፋ መያዝ ሲጀምር፣ እዚያ ቦታ ላይ እጥረት አለ ማለት ነው።

ኮርኒንግን ስትገዙ ግን ፋይበር ብቻ አትገዙም። የቴሌቪዥን መስታወት፣ የአይፎን መስታወት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የመኪና ጭስ ማጣሪያ ሴራሚክ አብረው ይመጣሉ። ፋይበር ሲበርድ ሌላው ይደግፈዋል። ፋይበር ሲግል ደግሞ ሌላው ይጎትተዋል።

ሁለት ነገር ያሰጋኛል። አንደኛው የገጠር ቤቶች ጉዳይ ነው። አሜሪካ በ2021ዱ ሕግ ለገጠር ኢንተርኔት 42.45 ቢሊዮን ዶላር መድባ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ቅድሚያው ለፋይበር ነበር። በሰኔ 2025 ደንቡ ተቀይሮ ሳተላይቱም እኩል እንዲወዳደር ተደረገ። ስለዚህ ያን ገንዘብ ሙሉውን ለፋይበር ቆጥሮ የገዛ ሰው ሒሳቡን ደግሞ ይሥራ። ሁለተኛው መሃሉ ባዶ የሆነው ፋይበር ነው። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ፍጥነቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ በአየር ውስጥ ግን አይቀንስም ማለት ይቻላል። ማይክሮሶፍት በ2022 ይህን የሚሠራውን የእንግሊዝ ኩባንያ ሉሜኒሲቲን ገዛ፤ በ2024 መጨረሻ በ24 ወር 15,000 ኪሎሜትር እዘረጋለሁ አለ። ለመስታወቱ አምራቾች አደጋ ይመስላል። በ2025 ግን ማይክሮሶፍት ይህንኑ ፋይበር በብዛት እንዲያመርቱለት ከመረጣቸው አንዱ ራሱ ኮርኒንግ ነው። ስለዚህ ለጊዜው እንቅልፍ አልነሳኝም።

ሌዘሩ

ወደ ጤፏ እንመለስ።

የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራበት ሲሊከን ብርሃን ማስተላለፍ ይችላል፣ ማመንጨት ግን አይሆንለትም። ብርሃን ለማመንጨት እንደ ኢንዲየም ፎስፋይድ ያለ ሌላ ቁስ ያስፈልጋል። ይህ ቁስ ተሰባሪ ነው። ሲሊከን ቺፕ 12 ኢንች ስፋት ባለው ዝርግ ላይ ሲታተም፣ ኢንዲየም ፎስፋይድ ለዓመታት በ2፣ በ3፣ በ4 ኢንች ዝርግ ላይ ነው የኖረው። የ12 ኢንቹ ትልቅ ምጣድ ነው፣ የ3 ኢንቹ የሲኒ ማስቀመጫ። ከእያንዳንዱ ጋገራ ደግሞ የሚጣለው ብዙ ነው። አዲስ ፋብሪካ ተሠርቶ፣ ሌዘሩ ተፈትኖ፣ ደንበኛ እስኪቀበለው ዓመታት ይሄዳሉ።

በደንብ የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። ሉሜንተምና ኮሂረንት ዋናዎቹ ናቸው። ብሮድኮም፣ ሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክና ሱሚቶሞ ኤሌክትሪክም አሉ፤ ለነዚህ ግን ሌዘሩ ከብዙ ሥራቸው አንዱ ነው። ብሮድኮምን የሚገዛ ሰው ለሌዘር ብሎ አይገዛም።

ይህን ወገን የምወድበት ምክንያት አንድ ነው። በመሐንዲሶቹ መካከል ትልቅ ክርክር አለ፤ ትራንሲቨሩ እንደ ዛሬው ከውጭ ይሰካ ወይስ ኦፕቲክሱ መረጃውን ወደየመስመሩ ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ከስዊቹ፣ ቺፕ ጎን ውስጥ ይግባ? የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ቺፕ ሠሪው ኤንቪዲያ በመጋቢት 2025 ሁለተኛውን ዓይነት ስዊች ይፋ ሲያደርግ አብረውት የሠሩትን ዘረዘረ። ኮሂረንት አለበት። ሉሜንተም አለበት። ኮርኒንግም አለበት። የትኛውም ወገን ቢያሸንፍ ብርሃኑን የሚያመነጭ ሌዘር ያስፈልጋል። ጭቅጭቁ የት ይቀመጥ የሚል ብቻ ነው።

ከሁለቱ የቱ?

ሉሜንተም የዚያ የጄዲኤስ ዩኒፌዝ ልጅ ነው። እናትየዋ በ2015 ለሁለት ስትከፈል የሌዘሩ ሥራ ሉሜንተም ተባለ። ኦክላሮን በ2018፣ ኒዮፎቶኒክስን በ2022፣ ክላውድ ላይትን በ2023 ገዛ። ጠበብ ያለ፣ ሾል ያለ ኩባንያ ነው። ሌዘር ሲያጥር ከማንም በላይ ይጠቀማል። ሲተርፍ ደግሞ ከማንም በላይ ይጎዳል። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2023 የሒሳብ ዓመት ሽያጩ 1.77 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2024 የሒሳብ ዓመት ወደ 1.36 ቢሊዮን ወረደ። ሩብ ያህሉ ተነነ። ምክንያቱ ቴክኖሎጂው ስላረጀ አይደለም፤ ደንበኞቹ መጋዘናቸው ሞልቶ ስለነበር ነው።

ኮሂረንት ሰፋ ያለ ነው። የዛሬው ኩባንያ መነሻ በ1971 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተቋቋመው ቱ-ሲክስ ነው። ቱ-ሲክስ በ2019 ፊኒሳርን ገዛ፣ በ2022 ደግሞ ኮሂረንትን በ7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ስሙን ለራሱ ወሰደ። የሚገርመው ለዚህ ግዢ የተፎካከረው ሉሜንተም ነበር። ተሸነፈ፤ የመጀመሪያው ውል ስለፈረሰ ግን ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ተቀብሎ ሄደ። አሸናፊው ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸከመ። የዚያን ቀን የተሸነፈው የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ ማስረዳት ይቸግረኛል።

ኮሂረንት ግን አንድ ጥሩ ካርድ ይዟል። ሸርመን፣ ቴክሳስ ያለው ፋብሪካው የመጣው ከፊኒሳር ጋር ነው። አፕል በ2017 ለአይፎኑ ፊት መለያ የሚሆን ሌዘር እንዲሠራበት ብሎ ለፊኒሳር 390 ሚሊዮን ዶላር መድቦለት ነበር። ዛሬ እዚያ ኢንዲየም ፎስፋይድ በ6 ኢንች ዝርግ ይሠራበታል። ስዊድንም ሌላ አለው። ምጣዱ ሰፋ ማለት ነው። ከአንድ ጋገራ በ3 ኢንቹ ከሚወጣው አራት እጥፍ ይወጣል። ከተሳካለት ዋጋ መቀነስ የሚችለው እሱ ነው። እኔ በበኩሌ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ወደ ኮሂረንት አደላለሁ፤ ጓደኛዬ ግን ሉሜንተም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል።

አሁን መጥፎውን ላውራ። የኢንዲየም ዋና አምራች ቻይና ናት፤ ከየካቲት 2025 ጀምሮ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ አድርጋለች። ጋሊየምና ጀርማኒየምን ከ2023 ጀምሮ እንዲሁ አድርጋ ነበር። ዝርጉን ከሚያቀርቡት አንዱ ኤኤክስቲ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ፋብሪካው ግን ቤጂንግ ነው። ፈቃዱ ሲዘገይ ሽያጩ አብሮ ይዘገያል። ርካሽ ነው ተብሎ ዘው የሚባልበት አይደለም።

ሁለተኛው አደጋ የሰው ጠባይ ነው። ስኳር ሲጠፋ አዲስ አበባ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። አንዱ ልጅ ሸማቾች ጋ ይሰለፋል፣ ሌላው ባለሱቁ ጋ፣ ጎረቤትም ይለመናል። ስኳሩ የመጣ ቀን ቤቱ በስኳር ይሞላል፣ ለሦስት ወር የሚገዛ ይጠፋል። ትላልቆቹ የደመና ኩባንያዎችም ከዚህ አይለዩም። ሌዘር ሲያጥር ሁለት ቦታ ያዛሉ። አምራቹ የትዕዛዙን መጽሐፍ አይቶ ፋብሪካ ያሰፋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ግማሹ ትዕዛዝ ይሰረዛል።

ገጣጣሚው

ሌዘሩን፣ የምልክት ቺፑንና ሌንሱን አንድ ላይ አስሮ ትራንሲቨር የሚያደርገው ሦስተኛው ወገን ነው። እዚህ ላይ ቻይናዎቹ ይመራሉ፤ ኢኖላይትና ኢኦፕቶሊንክ። ሁለቱም ሼንዘን ገበያ ላይ ነው የሚሸጡት። ከተራ የአሜሪካ የአክሲዮን ሒሳብ ላይ አይገኙም፤ ቀረጥና ፖለቲካውም አለ። ስለዚህ ለጓደኛዬ የቀሩት ፋብሪኔትና አፕላይድ ኦፕቶኤሌክትሮኒክስ ናቸው።

ፋብሪኔት ታይላንድ ውስጥ ያለ፣ ለሌሎች የሚያመርት ኩባንያ ነው። ጨርቁን አምጥታችሁለት የሚሰፋ ልብስ ሰፊ በሉት። ንድፉ የእሱ አይደለም፣ ጨርቁም የእሱ አይደለም፤ ስፌቱ ግን ዝንፍ አይልም። የልብስ ሰፊ ትርፍ ትንሽ ናት፣ ግን አትቋረጥም። ችግሩ በ2024 የሒሳብ ዓመት ከሽያጩ ከሦስት አንድ በላይ ከአንድ ደንበኛ፣ ከኤንቪዲያ፣ መምጣቱ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

አፈሩ ዓይን ሲገባ ምን እንደሚመስል አፕላይድ ኦፕቶኤሌክትሮኒክስ አሳይቶናል። ሹገር ላንድ፣ ቴክሳስ ያለ ኩባንያ ነው። በ2017 አክሲዮኑ ሽቅብ ወጥቶ በሐምሌ ከ100 ዶላር አለፈ። ከሽያጩ አብዛኛው ከአንድ ትልቅ የዳታ ሴንተር ደንበኛ ነበር። በነሐሴ ያ ደንበኛ የባለ 40 ጊጋውን ዕቃ ቀነሰ። ከዚያ ቁልቁል። በ2022 መጨረሻ አንዱ አክሲዮን ከ2 ዶላር በታች ነበር። ዛሬ ደግሞ ተነሥቶ ሁሉም ያወራለታል። በ2025 ከአማዞን ጋር አዲስ ስምምነት አድርጓል። ይቅናው። እኔ ግን ለልጆቼ ትምህርት ያስቀመጥኩትን አላስገባበትም።

ገጣጣሚዎቹ ላይ የተጋረጠው ሌላው ነገር ያ ክርክር ነው። ኦፕቲክሱ ስዊቹ ውስጥ ከገባ፣ ከውጭ የሚሰካው ትራንሲቨር ምን ይሠራል? የኤንቪዲያው አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ መድረክ ላይ ቆሞ አንዱ ትራንሲቨር 30 ዋት ይበላል ብሎ ነበር። አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ስንት መቶ ሺህ እንደሚሰካ አስቡት። መብራት ደግሞ ዛሬ ከገንዘብ በላይ ብርቅ ነው፤ ላውደን ውስጥ ያሉትን ጠይቁ።

ነገር ግን ጓደኛዬን ስሙት። “ስትበላሽ ስቤ አወጣታለሁ። ትፋጃለች፣ ጓንት እፈልጋለሁ። ሌላ እሰካለሁ። ሁለት ደቂቃ። ስዊቹ ውስጥ ከገባች ግን ስዊቹን በሙሉ ላወጣ ነው?” እንዲህ የሚል ቴክኒሻን በየሕንፃው አለ፤ አለቃውም ይሰማዋል። ስለዚህ የሚሰካው ዓይነት በቶሎ ይሞታል ብዬ አልጠብቅም። ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው። ቀስ ማለቱ ግን ለአክሲዮን ገበያ አይታይም፤ አንድ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር እነዚህ አክሲዮኖች ይደነብራሉ።

መዳብንም አትናቁት። የኤንቪዲያ ኤንቪኤል72 መደርደሪያ ውስጥ ያሉት ቺፖች እርስ በርስ የሚነጋገሩት ከ5,000 በላይ በሆኑ የመዳብ ገመዶች ነው። በኦፕቲክስ ቢሆን ለመደርደሪያው ተጨማሪ 20 ኪሎዋት ይፈልግ ነበር ብለዋል። ለአጭር ርቀት መዳብ ርካሽ ነው፣ አይሞቅም፣ ቶሎ አይበላሽም። “መዳብ አለቀለት” የሚል ጽሑፍ ባነበባችሁ ቁጥር ይህን አስታውሱ።

ባለ ሳጥኑና የመስመሩ ባለቤት

በከተሞችና በአህጉሮች መካከል ያለውን ብርሃን የሚያስተዳድሩት ሳጥኖች የሲዬና፣ የኖኪያ፣ የሲስኮ ናቸው። እዚህ ላይ ረጅም አልሄድም።

ሲዬና ጎረቤታችን ነው፤ ሃኖቨር፣ ሜሪላንድ። ኖርቴል ሲከስር የኦፕቲክስ ክፍሉን በ2010 በ770 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አነሣው። ከሬሳው ላይ ልቡን ወሰደ ማለት ነው፤ ዛሬ የሚኮራበት የካናዳ የምርምር ቡድን ከዚያ የመጣ ነው። ዌቭሎጂክ 6 የሚለው ምርቱ በአንድ ቀለም ብርሃን ላይ 1.6 ቴራቢት በሰከንድ ያልፋል። ዳታ ሴንተሮች መብራት ወዳለበት ራቅ ራቅ እያሉ ሲሠሩ፣ እነሱን እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን ይፈለጋል። ፋይበር ላይ ብቻ የቆመ፣ ግን በአንድ ደንበኛ ላይ ያልተንጠለጠለ ኩባንያ የሚፈልግ ሰው እዚህ ይመልከት። ኖኪያ ሌላውን የሳጥን አምራች ኢንፊኔራን በ2.3 ቢሊዮን ዶላር በየካቲት 2025 ጠቅልሏል፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኤንቪዲያ 1 ቢሊዮን ዶላር አስገባበት። ግን ኖኪያ ትልቅ ነው። የሞባይል አንቴናውም አብሮ ይመጣል።

የመስመሩ ባለቤቶች ደግሞ ኤቲኤንድቲና ቬራይዘን ናቸው። ሁለቱም ፋይበር ለመግዛት ተዋውለዋል፤ ኤቲኤንድቲ የሉመንን የቤት ፋይበር በ5.75 ቢሊዮን ዶላር፣ ቬራይዘን የመስመር ኩባንያውን ፍሮንቲየርን በ20 ቢሊዮን። እነዚህ ትርፍ ድርሻ እየከፈሉ ከነዕዳቸው የሚኖሩ ኩባንያዎች ናቸው። ለጡረታ ለቀረበ ሰው ያስኬዳሉ። ጓደኛዬ 34 ዓመቱ ነው፤ ስማቸውን ሳነሣ አዛጋ።

የመስመር ባለቤትነት ከተነሣ አይቀር፣ አገር ቤት የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በጥቅምት 2024 በ300 ብር ለሕዝብ ሲቀርብ ብዙዎቻችን ጓጉተን ነበር። ለዜጎች ብቻ ነበርና ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት የያዝነው ከዳር ቆመን አየን። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። እህቴ ገዝታለች። በየጊዜው “የእኔ ድርጅት” እያለች ትቀልድብኛለች።

ከመግዛት በፊት የሚገለጡ ሁለት ገጾች

የአሜሪካ ኩባንያዎች በየዓመቱ ቴን-ኬ የሚባል ሪፖርት ያወጣሉ። ረጅምና አሰልቺ ነው። ሁለት ቦታ ብቻ እንዲያነብ ጠየቅሁት።

መጀመሪያ ከሽያጩ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የያዙ ደንበኞችን ይፈልግ። መጻፍ ግዴታ ነው። አንዳንዱ ስሙን ይጠራል፣ አንዳንዱ “ደንበኛ ሀ” ብሎ ያልፋል። ሁለት ስም ተደምሮ ከግማሽ ካለፈ ኩባንያውን ሳይሆን የደንበኛውን ዕቅድ ነው የምትገዛው። እንግዲያው የደንበኛውን ዕቅድ አጥና።

ቀጥሎ መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ ነው። ሽያጩ በ20 በመቶ አድጎ የተከማቸው ዕቃ በ60 በመቶ ካደገ፣ ወይ ኩባንያው ለትልቅ ትዕዛዝ እየተዘጋጀ ነው፣ ወይ ስኳሩ ቤት ሞልቷል። የቱ እንደሆነ ሥራ አስኪያጁ በስልክ ስብሰባ ላይ ሲጠየቅ አመላለሱን ስሙ። ቀጥ ያለ ቁጥር ከሰጠ ደህና ነው። “ስለ ወደፊቱ በጣም ደስተኞች ነን” ካለ እኔ እወጣለሁ።

ደግሞም የጡረታ ቁጠባችሁ፣ ፎር-ኦ-ዋን-ኬያችሁ፣ ኤስኤንድፒ 500ን፣ ማለትም 500 ያህል ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን፣ የሚከተል ፈንድ ውስጥ ከሆነ፣ ኮርኒንግን፣ ሲስኮን፣ ኤቲኤንድቲን ሳታውቁት ይዛችኋል። ሌላ ኮርኒንግ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ቁጠሩ።

ለጓደኛዬ በመጨረሻ ያልኩት ይህን ነው። ብሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ለቤት ቅድመ ክፍያ የምትፈለግ ከሆነ አንዱንም አትንካ። ካልሆነ ግማሹን ኮርኒንግ ላይ ወይም ሲዬና ላይ አድርገህ፣ ሌዘሩን በትንሹ፣ ሦስት አራት ጊዜ ከፋፍለህ ግዛ። ሉሜንተም በአንድ ዓመት ሩብ ሽያጩን እንዳጣ ሰው አድርገህ ያዘው፤ በድጋሚ ቢያጣ የማትደነግጥበትን ያህል ብቻ። ገጣጣሚዎቹን እለፋቸው።

“ሉሜንተምን በትንሹ?” አለ ቅር ብሎት። ቆቧ የተገነጠለችውን ትራንሲቨር ሊያሳየኝ እንደገና አነሣት። ሌዘሯ የለችም። ወድቃለች። ሦስተኛው ቡና ቀዝቅዞ፣ ሁለታችንም በጉልበታችን ተንበርክከን፣ በስልክ መብራት ምንጣፉ ላይ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ነገር ስንፈልግ አመሸን።